ሁለት አዛዥ ለአንድ ታንከር

የሲያኮቤ አገዳ አብቃዮች ማህበር ታንከሩን የሠራው ኮረብታ ላይ ነው፤ ፓምፑን የተከለው ደግሞ ካፉዌ ወንዝ ዳር። በመካከላቸው አገዳ፣ ከብትና አንዲት የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን አሉ። ታንከሩ መሙላቱን ወንዝ ዳር ላለው ሰው የሚነግረው ነገር ለብዙ ዘመን አንድ ነጭ አንሶላ ነበር። ከኮረብታው አንሶላ ሲውለበለብ ፓምፑ ይጠፋል። ባለፈው ዓመት አንሶላውን ላም በላችው። ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ፤ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ልምምዳቸውን ጨረሱ። ማህበሩ ሁለት የራዲዮ ሞደም የገዛው ከዚያ በኋላ ነው። እኔን የላከኝ ሞደሞቹን የሸጠው የሉሳካ ድርጅት ነው።

አለቃዬ ሲልከኝ ነገሩን አላወሳሰበውም። «ዓርብ መኪናው ሊወስድሽ ሲመጣ ፓምፑ በራሱ ተነስቶ በራሱ የሚቆም ከሆነ፣ ዋናው ቢሮ ያለው ወንበር ያንቺ ነው። ካልሆነ እስኪሠራ እዚያው ትቆያለሽ» አለኝ።

ዝናቡ ሊገባ ነው። ዝናብ ከገባ የሲያኮቤ መንገድ ጭቃ ሳይሆን ሾርባ ይሆናል፤ ስለዚህ «እስኪሠራ» ማለት እስከ ፋሲካ ማለት ነው። የተከራየሁት ክፍል ደግሞ ከፍየል በረት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ፍየል እንደሚያስነጥስ አታውቁ ይሆናል። ያስነጥሳል።

ሥራው በመሠረቱ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር። ኮረብታው ላይ አንድ ሞደም፣ ወንዙ ዳር አንድ ሞደም፤ በየጎናቸው አንቴና፤ ላፕቶፕ ሰክቶ ቅንብሩን መሙላት። የኮረብታውን እኔ እሞላለሁ፣ የወንዙን ደግሞ የፓምፑ ኃላፊ በስልክ እየነገርኳቸው ይሞላሉ። አጭር ሥልጠና ወስደዋል ተብያለሁ። ያልተነገረኝ ነገር ነገዳቸው ሎዚ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ስንተዋወቅ ፓምፕ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀይ ቆባቸውን ደፍተው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ቺፔጎ ሃቤንዙ።»

ፊታቸው እንደ ፋኖስ በራ። «ቶንጋ! የኔ ቀን! እስቲ አፍሽን ክፈቺ፤ የፊት ጥርስሽ አለ ወይስ እንደ አያቶችሽ አወለቁት?»

«አለ። የእርስዎስ ቤት ዘንድሮ ጎርፍ ወሰደው ወይስ ገና ታንኳ ላይ እየጫኑት ነው?»

«ሙከላባይ እባላለሁ» አሉ እጃቸውን እየዘረጉ። «የንጉሥ ዘመድ ነኝ።»

«ሎዚ ሁሉ የንጉሥ ዘመድ ነው። ዓሣውን የሚያጠምደው ማን እንደሆነ ነው የማይታወቀው።»

ቶንጋና ሎዚ የአጎት ልጆች ነን፤ በደም ሳይሆን በነገድ። የኔ አያቶች የፊት ጥርሳቸውን ያስወልቁ ነበር፣ የሳቸው ሰዎች ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ ቤታቸውን ጭነው በታንኳ ይሰደዳሉ። በድሮ ዘመን የተዋጉ ሰዎች ልጆች ዛሬ ይሰዳደባሉ፤ ሕጉ ይህ ነው። የአጎት ልጅህን በሠርጉም በቀብሩም መስደብ ትችላለህ፤ ዕቃውን ቀምተህ «ተቤዠው» ማለት ትችላለህ። አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው፤ መቆጣት። ቀድሞ የተቆጣ ተሸነፈ፣ የተሸነፈ አውራ ዶሮ ይከፍላል። ልጅነቴን በሙሉ በዚህ ሕግ ተጫውቻለሁ፤ ግን ከዚህ በፊት የአጎት ልጅ ይዤ ሞደም አላስተካከልኩም። ትዕግሥት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አልሰጡንም።

ሁለት ሞደሞች እንዲግባቡ መጀመሪያ በአንድ ሞገድ ላይ መሆን አለባቸው። ቀጥሎ አንዱ አዛዥ፣ ሌላው ታዛዥ ይሆናል፤ አዛዡ ይጣራል፣ ታዛዡ ሲጠራ ብቻ ይመልሳል። ይህ ከሆነ ሁለቱም ላይ ያለው ቀይ መብራት አረንጓዴ ይሆናል። በመጨረሻ ሲሪያል ፖርት የሚባለው አለ፤ ሞደሙ ከፓምፑ መቆጣጠሪያ ጋር በኬብል የሚያወራበት ቀዳዳ ነው። እዚያም ሁለቱ በእኩል ፍጥነት ካልተናገሩ አንዱ ሌላውን አይሰማም። ይኸው ነው። ከዚህ የባሰ ውስብስብ ነገር ወጥ ውስጥም አለ።

ኮረብታው ላይ ሆኜ ደወልኩ። ወንዝ ዳር ስልክ የሚይዘው ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ያለው ትልቅ ኩይሳ ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ፣ ባ ሙከላባይ («ባ» ማክበሪያ ነው) ትእዛዙን ኩይሳው ላይ ሆነው ይሰማሉ፣ ወርደው ላፕቶፑ ላይ ይጽፋሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ።

«ሞገዱን እንደ ነገርኩዎት ሞልተዋል?»

«ሞልቻለሁ።»

«የሥራ ድርሻ የሚል አለ። እዚያ ላይ ታዛዥ የሚለውን ይምረጡ።»

ጉሮሯቸውን ሲያጠሩ ሰማሁ።

«ባ ሙከላባይ?»

«ያንቺስ ምን ይላል?»

«አዛዥ።»

«እ-ህ» አሉ፤ ወርደው ሄዱ። ተመልሰው ሲወጡ ድምፃቸው የእርጎ ያህል ለስላሳ ነበር። «ጨርሻለሁ የኔ ልጅ።»

መብራቴ ቀይ ነው። ጠበቅሁ፤ ቀይ ነው። አንቴናውን ወደ ወንዙ አዞርኩት፣ ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ሞገዱን እንደገና ጻፍኩት። የታንከሩ መሰላል ላይ ወጥቼ አንቴናውን ከፍ አደረግሁት። የሚያየኝ ሰው ቢኖር አንሶላው ሴት ሆኖ ተመለሰ ይል ነበር። ፀሐይ አናቴ ላይ ስትደርስ በአገዳው መሃል አቋርጬ ወረድኩ።

ባ ሙከላባይ ንሺማቸውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በደረቅ ዓሣ እየበሉ ነበር። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞርኩት። ስክሪኑ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ አዛዥ።

«ታዛዥ አልኩዎት እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ከዚያ አሰብኩበት። ሎዚ ቶንጋን ሲታዘዝ ካዩ አያቶቼ ከመቃብር ተነስተው በታንኳ ይመጣሉ። እዚህ ድረስ መቅዘፍ ደግሞ ለሽማግሌ አይመከርም። ለነሱ አዝኜ ነው።»

«ማሽን ነው ባ ሙከላባይ። ሁለት አዛዥ ካለ ሁለቱም ይጮሃሉ፣ የሚመልስ የለም።»

«እንግዲያው ያንቺ ታዛዥ ይሁን።»

«ታንከሩ ያለው እኔ ጋ ነው! መሙላቱን የሚያውቀው የኔ ነው፤ መጣራት ያለበትም እሱ ነው!»

አንድ ጣታቸውን አነሱ፤ ዓሣው ገና ጣታቸው ላይ አለ። «ተቆጣሽ?»

አፌን ዘጋሁ። በአፍንጫዬ ተነፈስኩ። «አልተቆጣሁም። እርስዎ ቆብ የደፉ አዞ ነዎት እያልኩ ነው።»

«እሱ ደህና ነው» አሉና ጉርሻቸውን ቀጠሉ።

በገዛ እጄ ታዛዥ አድርጌው ወጣሁ። ኮረብታው ጫፍ ስደርስ መብራቱ ቀይ ነበር። እርግጠኛ ነኝ፤ ጀርባዬን ሳዞር መልሰውታል።

በማግሥቱ ጠዋት ፍየሎቹ ሲያስነጥሱ ነቅቼ አሰብኩ። በሬን በቀንዱ የሚገፋ ቀንድ ያለው ሰው ነው፤ እኔ ያለኝ የሉሳካ ወንበር ነው። ክብር ለምኔ? የኮረብታው ሞደም ታዛዥ ይሁን፣ የወንዙ ይጣራ። ትንሽ ዞሮ ይመጣል እንጂ ሊሠራ ይችላል። ወጥቼ የኔን ታዛዥ አደረግሁት።

ቀይ።

ስልኩ ጮኸ። «ቺፔጎ!» ባ ሙከላባይ እያለከለኩ ነው፤ ኩይሳው ዳገት ነው። «ተሸነፍኩልሽ! ኢኖንጌ፣ ባለቤቴ፣ ጎመኗ ደርቋል። “ያንተ ንግሥና ጎመን ያጠጣል ወይ?” አለችኝ። ታዛዥ አድርጌዋለሁ!»

«ምን? እኔም የኔን ታዛዥ አድርጌዋለሁ!»

ሞደሞቹ ዝም ብለዋል። ሁለት ታዛዥ ማለት በር ላይ የተገናኙ ሁለት ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አንዱም ቀድሞ አይገባም፣ እራቱ ግን ይቀዘቅዛል።

«እንግዲያው እኔ ወደ አዛዥ ልመልሰው» አልኩ።

«አይ፣ አንቺ ተይው፣ እኔ...» አሉና መስመሩ ተቆረጠ። ከኩይሳው ወርደዋል።

አሁን ምን ሊያደርጉ ነው? «አንቺ ተይው፣ እኔ ልተወው» ነው ወይስ «እኔ ልለውጠው»? እንደሚተዉት ገምቼ የኔን አዛዥ አደረግሁ። እሳቸው ደግሞ እኔ እንደምተወው ገምተው የሳቸውን አዛዥ አድርገው ኖሯል። ቀይ። አዝነው መልሰው ታዛዥ አደረጉት፤ እኔም አዝኜ መልሼ ታዛዥ አደረግሁት። ቀይ። እንዲህ አንዱ ወደ ቀኝ ሲል ሌላውም ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ጠባብ መንገድ ላይ እንደተገናኙ ሰካራሞች እስከ ምሳ ዋልን። ባ ሙከላባይ ከዚያ ቀን በኋላ ቀበቷቸውን አንድ ቀዳዳ አጥብቀዋል፤ ኩይሳው ነው ያከሳቸው።

ነገሩን ያየችው... ያዩት ልበል፣ ማዳም ካሶንዴ ናቸው፤ የማህበሩ ሥራ አስኪያጅ። ቤምባ ናቸው፣ ከሰሜን። ከቢሯቸው መስኮት አንዴ እኔ ስወርድ፣ አንዴ ሽማግሌው ኩይሳ ሲወጡ ሲያዩ ቆይተው ከምሳ በኋላ እኔም ወርጄ ሳለ ሁለታችንንም ፓምፕ ቤቱ ድረስ መጥተው አገኙን።

«ይህ የነገድ ጨዋታ ነው አይደል?» አሉ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «እኛ ቤምባዎች ሥራ በሥራ ሰዓት፣ ቀልድ በቀልድ ሰዓት ነው። የወንዙ ታዛዥ፣ የኮረብታው አዛዥ። አለቀ! ዓርብ የሚሠራ ነገር ካላየሁ ለሉሳካ “ልጅቷ ትቆይልን” ብዬ እጽፋለሁ።»

«ትቆይልን» ሲባል ባ ሙከላባይ ደስ አላቸው፤ እኔ ግን የፍየሉ ማስነጠስ ተሰማኝ። ቁልፍ ሰሌዳውን በእጄ ጋርጄ የወንዙን ሞደም ታዛዥ አደረግሁና በይለፍ ቃል ቆለፍኩት።

«የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው?» አሉኝ ባ ሙከላባይ።

«ሎዚ የማያውቀው ቃል ነው፤ እንደ “መሥራት” ያለ።»

እየሳቁ ጉልበታቸውን መቱ። «እስቲ ለሌላ ጊዜ እንዳይቸግረኝ ንገሪኝ፤ ሁለቱንም የምትለውጪ ከሆነ የትኛውን ነው ቀድመሽ የምትነኪው?»

«ሩቁን። መስመሩ ከተያያዘ ሩቁ ከዚሁ ላፕቶፕ በራዲዮ ይለወጣል፤ የቅርቡን ቀድሜ ከለወጥኩ መንገዱ ይዘጋል፣ ሩቁ ጋ መድረሻ የለኝም። ሁልጊዜ ሩቁን ያስቀድሙ፣ ቅርቡን ያስከትሉ።»

«ሩቁን ማስቀደም» አሉ፤ እንደ ጸሎት ለራሳቸው ደገሙት።

«የኬብሉን ፍጥነት አልነኩትም አይደል?»

«እኔ? እኔ የሰው ዕቃ አልነካም።»

ያንን ገጽ ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። ግን ኮረብታው ላይ አረንጓዴ መብራት ለማየት ቸኩዬ ነበር። እውነትም ስደርስ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴውን ሳይ ልቤ ሉሳካ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ማዳም ካሶንዴ ሙከራውን ለማየት አዲስ ዊግ አድርገው መጡ። ትከሻቸው ላይ የሚወርድ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ዊግ ነው፤ በማግሥቱ ለሚሆነው የእህታቸው ልጅ ሠርግ የታሰበ። ጥላ ፍለጋ ታንከሩ ሥር፣ ልክ ትርፍ ውሃ ከሚወጣበት የማፍሰሻ ቧንቧ በታች ቆሙ። «እዚያ አይቁሙ» ማለት ነበረብኝ። ግን በራሱ የሚቆም ፓምፕ ከሆነ ማፍሰሻ ቧንቧ ጌጥ ብቻ ነው፤ እኔም ጌጥ ነው ብዬ ነበር።

ደወልኩ። «ባ ሙከላባይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅ ያስነሱት። ታንከሩ ሲሞላ የኔ ሞደም “ቁም” ይለዋል፤ በራሱ ይቆማል። እርስዎ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ።»

ወርደው ፓምፑን አስነሱና ኩይሳው ላይ ተመለሱ። «ከተትኩ» አሉ። ውሃው ሲወጣ በቧንቧው ውስጥ ይሰማል፤ ደስ የሚል ድምፅ ነው። ታንከሩ ቀስ እያለ ሞላ። የኔ ሞደም «ሞላ፣ ቁም» ብሎ ላከ። መብራቱ ብልጭ አለ። በራዲዮው በኩል ትእዛዙ ወንዙ ደርሷል፤ ስክሪኔ ላይ አየሁት።

ፓምፑ አልቆመም።

«እንግዲህ አሁን ነው የሚቆመው» አልኳቸው ለማዳም።

ውሃው ወረደ። በአንድ ጊዜ፣ እንደ በርሜል። ማዳም ካሶንዴ አልጮኹም፤ ጊዜ አላገኙም። መነጽራቸውን ውሃው ወሰደው፤ ዊጉ ደግሞ ከራሳቸው ላይ ተነስቶ በውሃው ላይ ተንሳፈፈና ቁልቁል ወደ ከብቶቹ ሄደ። እዚያ አንዲት ቀይ ላም ቆማ ነበር። አንሶላውን የበላችው እሷው ናት። አሸተተችው። ከዚያ ረጋ ብላ፣ ነገሩን እንደለመደ ሰው፣ ማላመጥ ጀመረች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። «ያጥፉት! ያጥፉት እንጂ! ምን ዓይነት ሰው ነዎት እርስዎ! ምን ነካክተው ነው? ሕይወቴን እያበላሹ ነው፤ ይሰማዎታል?»

ይህ ስድብ አልነበረም። ልዩነቱን ሁለታችንም አወቅነው። ወርደው ፓምፑን አጠፉ፤ ኩይሳው ላይ ተመለሱ። ከዚያ ባ ሙከላባይ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ዶሮው ትንሽ ወፈር ያለ ይሁን» አሉኝ።

ከአከራዬ አንድ አውራ ዶሮ ለምኜ በብብቴ አቅፌ ወረድኩ። ሙሉውን መንገድ ጮኸብኝ። ባ ሙከላባይ በሁለት እጅ ተቀብለውት እንደ ሜዳልያ አዩትና የፓምፕ ቤቱ በር ላይ በገመድ አሠሩት። እኔ የሲሪያል ፖርቱን ገጽ ከፈትኩ።

ፍጥነቱ ከዝርዝሩ የመጨረሻው ትንሹ ቁጥር ላይ ነበር። የፓምፑ መቆጣጠሪያ ደግሞ የሚናገረው በትልቁ ቁጥር ነው። ሞደሙ «ቁ-ቁ-ቁ-ም» ሲል መቆጣጠሪያው የሚሰማው እንደ በሬ ማንኮራፋት ነው።

«ፍጥነቱን ማን ነካው?»

«እሱ ገና ሳይቆለፍ ነው» አሉ። «ትልቁን ቁጥር ሳየው ቶንጋ ከብት ሲጠራ መሰለኝ። ንጉሥ ሲናገር አይቸኩልም። ትንሹን መረጥኩለት፤ በክብር ይናገር ብዬ።»

«ከሥሩ ያለውን ማረጋገጫስ ለምን አጠፉት?»

«“ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ማረጋገጫ ይጨመር ወይ?” ይላል። አይ አልኩት። የሎዚ ቃል ማረጋገጫ አያስፈልገውም።»

ዶሮውን አየሁት፤ ዶሮውም አየኝ። ሌላ ዶሮ የለኝም። ስለዚህ ፈገግ አልኩ። ፍጥነቱን ከመቆጣጠሪያው ጋር እኩል አደረግሁ፣ ማረጋገጫውን መለስኩ፣ አስቀመጥኩ። ወደ ኮረብታው ወጥቼ ከታንከሩ ትንሽ ውሃ ለቀቅሁ። ፓምፑ ማንም ሳይነካው ተነሳ። ታንከሩ ሞላ። ሞደሙ «ቁም» አለ።

ቆመ።

እንደገና ለቀቅሁ። ተነሳ፤ ቆመ። ማዳም ካሶንዴ ራሳቸውን በሻሽ አስረው መጥተው፣ ከታንከሩ ራቅ ብለው ቆመው፣ ሁለት ጊዜ አዩት። «ጥሩ» አሉ። ለሳቸው ይህ ረጅም ንግግር ነው።

የሉሳካው መኪና በዚያው ሰዓት ደረሰ። ሾፌሩ ቴምቦ ይባላል፤ የቺፓታ ሰው፣ ንጎኒ። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል። ሰማዩ ከምሥራቅ በኩል ጠቁሯል። ማዳም የስክሪኑን ፎቶ አንስተው «ሠርቷል» ብለው ለአለቃዬ ሊልኩ ነው፤ ከዚያ እሄዳለሁ።

ቴምቦ ከመኪናው ወርዶ የማዳም ካሶንዴን ሻሽ አየ። ከሻሹ ሥር የሚያፈተልክ እርጥብ ጸጉራቸውን አየ። ከዚያ ላሟን አየ፤ ከአፏ ጥቁር ጸጉር ተንጠልጥሏል።

«ማዳም» አለ፤ «እናንተ ቤምባዎች ዝንጀሮ ትበላላችሁ ሲባል ሰምቻለሁ። ላሞቻችሁንም እንደምታስለምዱ ግን አላወቅሁም።»

ማዳም ካሶንዴ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ሳምንቱን ሙሉ አይቼው አላውቅም። «ንጎኒ ነህ?»

«ንጎኒ ነኝ።»

«አይጥ በላ! ከቺፓታ እስከዚህ ስትመጣ በየመንገዱ ያለች አይጥ ልጆቿን ሰብስባ ተደበቀች አይደል? መኪናህ ውስጥ ስንት ጅራት አለ?»

«የሰሜን ዝንጀሮ ቅርንጫፍ ሲያጣ ነው ሰው የሚሰድበው!»

«እኛ ቤምባዎች ሥራ በሥራ ሰዓት...» ብዬ ላስታውሳቸው ሞከርኩ። አልሰሙኝም። እጃቸው ብድግ ብሎ ከቴምቦ ኪስ የመኪናውን ቁልፍ ሞጨለፈና በቀሚሳቸው ደረት ውስጥ ሰወረው።

«ተቤዠው!» አሉ። «አውራ ዶሮ! አይጥ አልቀበልም።»

ቴምቦ ሳቀ። ቤምባና ንጎኒም የአጎት ልጆች ናቸው፤ ሕጉ ለነሱም አንድ ነው። «ከየት አመጣለሁ ዶሮ? እዚህ የማውቀው ሰው የለኝ።»

«እስከ ነገም ቢሆን እጠብቃለሁ። ሠርጉ ላይ ራሴን በሻሽ አስሬ ነው የምሄደው፤ እኔ ምን ያጣድፈኛል?»

ነጎድጓድ ሰማሁ። ሩቅ ነው፤ ግን ነጎድጓድ ነው። መንገዱ ሾርባ ሊሆን ነው፣ ወንበሬ ሉሳካ ባዶውን ይጠብቃል፣ እኔ ደግሞ በነሱ ጨዋታ ልታሠር ነው። በቁልቁለቱ ሮጥኩ።

ባ ሙከላባይ ዶሮውን ንሺማ እያበሉት ነበር።

«ይህን ዶሮ ይስጡኝ።»

«ይህን? ቺፔጎን?»

«ስሜን አወጡለት?»

«ይጮሃል፣ ማንም ግን አይታዘዘውም። ሌላ ስም አልመጣልኝም።»

«ባ ሙከላባይ፣ መኪናው በዚህ ዶሮ ታግቷል። የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

ቆባቸውን አስተካከሉ። ይህን ቀን ሲጠብቁ እንደነበር ገባኝ። «የኔ ሞደም አዛዥ ይባል።»

አዛዥ ካደረግሁት መብራቱ ቀይ ይሆናል፤ ሁሉም ነገር ከአዲስ ይጀምራል። ግን ሞደሙ ላይ «ስም» የሚል ቦታ አለ። ስሙ ሥራው ላይ ምንም አይለውጥም፤ በር ላይ እንደሚለጠፍ ነው። «ከአዛዥ የበለጠ አደርገዋለሁ» አልኩና በይለፍ ቃሉ ከፈትኩት። ስም በሚለው ቦታ ጻፍኩ፤ ንጉሥ።

አዩት። ራቅ ብለው አዩት። ቀረብ ብለው አዩት። «ፊደሉ አይተልቅም?»

«አይተልቅም።»

«እንዴት ነው የጻፍሽው? አንድ ቀን ቢጠፋስ?»

«ስም የሚለውን ይነካሉ፣ ይጽፋሉ፣ “አስቀምጥ” ይላሉ። ዶሮውን!»

«የኮረብታውም ስም በዚሁ ነው የሚለወጠው?» አሉ፤ ገመዱን በጣም በዝግታ እየፈቱ።

«አዎ፣ ሩቁን ይመርጡና እንዲሁ ነው፤ ይፍጠኑ፣ ዝናቡ!»

ዶሮውን ሰጡኝ። ሞደሙን መልሼ ሳልቆልፍ፣ ዶሮውን አቅፌ፣ ሽቅብ ሮጥኩ። ዶሮው ዝም አለ፤ የሱም ቀን ከባድ ነበር።

ቴምቦ ዶሮውን ተቀብሎ በሁለት እጁ ለማዳም አቀረበ። ማዳም መዘኑት፣ ቁልፉን ከደረታቸው አወጡ። ከዚያ የኮረብታውን ላፕቶፕ ስክሪን በስልካቸው ፎቶ አነሱ፣ መነጽራቸው በውሃው ስለተወሰደ ምንም ሳያነቡ፣ ወደ ሉሳካ ላኩት። «ሂጂ» አሉኝ። ዶሮውን በብብታቸው ይዘው እጃቸውን አወዛወዙ።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስታወቱ ላይ ሲያርፉ ዋናው መንገድ ላይ ወጥተን ነበር። አለቃዬ ደወለ። ስልኬን ቴምቦም እንዲሰማ ከፍ አደረግሁት፤ መልካም ዜና ስለሆነ።

«ፎቶው ደርሶኛል። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ጎበዝ! ወንበሩ ያንቺ ነው። ፎቶውን ለቢሮው ሰው ሁሉ ልኬዋለሁ፣ በትልቁ አትመን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን።»

«አመሰግናለሁ።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለ። ከጀርባው የሚስቁ ሰዎች ይሰማሉ። «የወንዙ ጣቢያ ስም “ንጉሥ” ይላል። እሺ። የኮረብታው ግን “ጥርስ የለሽ” ነው የሚለው። ጥርስ የለሽ ማን ናት?»

ቴምቦ መሪውን ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔ ዶሮ አቅፌ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ስወጣ፣ ሽማግሌው ሩቁን አስቀድመዋል። በዚያ ሁሉ ልፋት የዘረጋሁት መስመር ላይ ከ«ቁም» ቀጥሎ ያለፈው ቃል ይህ ነው።

«ጣቢያዋ ናት» አልኩና ዘጋሁት። ለባ ሙከላባይ ደወልኩ። ወዲያው አነሱት፤ ኩይሳው ላይ ተቀምጠው፣ ዝናብ እየመታቸው ሲጠብቁኝ ነበር።

«የኔ ልጅ! ተቆጣሽ?»

ዶሮው ታስሮበት የነበረው ገመድ ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ባዶውን፣ ሌላ ዶሮ እየጠበቀ ሲወዛወዝ ታየኝ።

«አልተቆጣሁም» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። ሁሉንም ጥርሴን።